የቲዩብለስ ብስክሌት ጎማ ቫልቭ ለምን ይደፈናል? ከሱሉልታ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ባለ 29 ኢንች የተራራ ብስክሌት አለኝ፤ ጎማዎቹ ቲዩብለስ (ከመነዳሪ የሌላቸው)፣ ቫልቮቹም ፕሬስታ የሚባሉት ቀጫጭኖቹ ናቸው። መስከረም መጨረሻ ላይ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ አስጨምሬ ነበር። ኅዳር ውስጥ የኋላው ጎማ አየር አልቀበልም አለ፤ ቫልቩን በሙሉ አስቀየርኩ። ጥር ሳይጋመስ አዲሱም እንዲሁ ሆነ። መንፊያውን ስጫን ይደርቅብኛል፣ መለኪያው በአንዴ 60 ላይ ይወጣል፣ ጎማው ግን እንደለሰለሰ ነው። የሰፈራችን ጎሚስታ «ከመነዳሪ አስገባበትና ተገላገል» ይለኛል። ብስክሌቱን የማስቀምጠው ከቤታችን ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በፊት ጎማው አንጠልጥዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አየሩን በእጅ መለኪያ እለካለሁ። ጥፋቱ የቫልቩ ነው ወይስ የፈሳሹ? በቅርቡ ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ረጅም ጉዞ አስቤአለሁ።

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎት፤ ቫልቩም ፈሳሹም አልተበላሹም። ፈሳሹ የተገዛበትን ሥራ እየሠራ ነው፤ የሚሠራው ግን በማይፈለግበት ቦታ ነው። አየሩን የሚለኩበትና ጎማውን የሚያቆሙበት ልማድ እስካልተለወጠ ድረስ ሦስተኛውም አራተኛውም ቫልቭ ይደፈናል። ስለዚህ እንደገና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ቢያውቁ ይሻላል።

ጎማው ውስጥ ያለው ነጭ ፈሳሽ በአብዛኛው ላቴክስ የሚባለው የጎማ ዛፍ ወተት ነው፤ በውኃ ይበጠበጣል፣ በጠርሙሱ ውስጥ እንዳይረጋና ቶሎ እንዳይደርቅ አሞኒያ ወይም ግላይኮል ይታከልበታል፣ ደቃቅ ቅንጣቶችም ይቀላቀሉበታል። እሾህ ጎማውን ሲበሳ አየሩ በቀዳዳው በኩል እየፈጠነ ይወጣል፤ ሲወጣም ፈሳሹን ይዞ ነው። ጠባቡ ቦታ ላይ ውኃው ይተናል፣ ላቴክሱ ይረጋል፣ ቅንጣቶቹ ይደራረባሉ፣ ቀዳዳው ይደፈናል። እንግዲህ ቫልቩም ቀዳዳ ነው። ፈሳሹ የቀጋ እሾህ የበሳውን ቀዳዳ ከፕሬስታ ቫልቭ የሚለይበት ዓይን የለውም፤ አየር በጠባብ መንገድ ሲሮጥ ካገኘና እሱም አብሮ ከተወሰደ እዚያው ይረጋል።

ፕሬስታ ለዚህ ዓይነት ኑሮ የተሠራ ቫልቭ አልነበረም። ፈረንሳዊው ኤቲየን ስክላቨራን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲያወጣው የታሰበው ደረቅ አየር ብቻ ያልፍበታል ተብሎ ነው። የቸርኬና የጎማ አምራቾቹ ማቪክ፣ ሚሽሊንና ሀችንሰን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኤስቲ የተባለውን የተራራ ብስክሌት ቲዩብለስ ሲያቀርቡም ጎማው ራሱ አየር የማያሳልፍ ሆኖ ስለተሠራ ፈሳሽ ግዴታ አልነበረም። ጎማው ከባድ ነበር። በኋላ ጎማው እየቀለለ፣ ግድግዳው እየሳሳ ሲመጣ አየሩን የመያዙ ሥራ ወደ ፈሳሹ ተላለፈ፤ የቫልቭ መደፈን የዕለት ተዕለት ጣጣ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ብስክሌት እንምጣ። ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተጠቅሰዋል፤ ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ያመራሉ።

የመጀመሪያው የየጠዋቱ ልኬት ነው። በእጅ መለኪያ በለኩ ቁጥር ጥቂት አየር «ፍስ» ብሎ ይወጣል። ያ አየር ባዶውን አይወጣም፤ የፈሳሹን ጠብታ ይዞ በቫልቩ ውስጥ ያልፋል። አንዷ ጠብታ ምንም አይደለችም፤ በየቀኑ አንድ አንድ ስትጨመር ግን ከሳምንታት በኋላ መዝጊያው ዙሪያ ቆዳ ትሠራለች። ቲዩብለስ ጎማ በየቀኑ መለካት አያስፈልገውም። በአውራ ጣትዎ ጫን ብለው ይዩት፤ እንደ ትናንቱ ከመሰለ ይሂዱ። በሳምንት አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል፤ ሲለኩም መለኪያ ባለው የወለል መንፊያ ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ የመጀመሪያው ነገር አየር ማስገባት ይሆናልና ቧንቧው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ጎማው የሚቆምበት አኳኋን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው «ቫልቩን ከላይ አድርገህ አቁም» የሚል ምክር ሰምቷል፤ ግማሽ እውነት ነው። ጎማውን በዓይነ ኅሊናዎ ለሁለት ሰንጥቀው ይመልከቱት። ቫልቩ ከታች፣ ከመሬቱ በኩል ሲሆን ፈሳሹ ከጎማው ወለል ላይ ተጠራቅሞ፣ የቫልቩ ውስጠኛ አፍ ልክ ከበላዩ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሳይነካ ቢቆም ብዙም አይጎዳም፤ ነገር ግን አየር ሲያስገቡ ወይም ሲያስወጡ ኩሬውን ያናውጡታል፤ የተረጨው ወደ ቧንቧው ይገባል። ቫልቩ ከላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቫልቩ ውስጠኛ አፍ እንደ ስኒ ወደ ላይ ተከፍቶ ይቀመጣል። ከጉዞ እንደተመለሱ ፈሳሹ የጎማውን ጣሪያ በሙሉ ቀብቶታል፤ ያ እየተንጠባጠበ ስኒው ውስጥ ይገባና በቧንቧው ወርዶ ኮሩ፣ ማለትም በቫልቩ ጫፍ ያለው መዝጊያ፣ ላይ ያርፋል። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ያድራል።

የሚሻለው ቫልቩን ወደ ጎን ማድረግ ነው፤ ቧንቧው ከወለሉ ጋር አግድም እስኪሆን ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ እስኪል ጎማውን ያዙሩት። ኩሬውም አይደርስበትም፣ ጠብታውም አይገባበትም። ሲያስቀምጡም፣ ሲነፉም፣ አየር ሲያስተነፍሱም ይኸው ነው። ማንጠልጠሉ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ከተሰቀለ በኋላ የኋላው ጎማ ቫልቭ የት እንደቆመ ግን ሳያዩ በሩን አይዝጉ። ከጉዞ እንደተመለሱ ወዲያው አየር አይንኩ። ፈሳሹ ተንጠባጥቦ ወደ ታች እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡት።

ሦስተኛው የቆርቆሮ ክፍሉ ነው። ሱሉልታ ብርድ አገር ነው ብለው አይዘናጉ፤ በበጋ ቀን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ሌላ ነገር ነው። አየሩም ደረቅ ነው። በጠርሙሱ ላይ «ከሁለት እስከ ስድስት ወር» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ዝቅተኛውን ቁጥር ይያዙ። መስከረም መጨረሻ ላይ የተጨመረ ፈሳሽ ጥር ላይ ሲደርስ ውኃው አልቆ ወፍራም ይሆናል፤ ወፍራሙ ደግሞ ከቀጭኑ ይልቅ ቫልቭ ይደፍናል። ግማሹም ደርቆ በጎማው ውስጥ ተለጥፎ ወይም እየተንከባለለ ይገኛል። ቫልቩን ሲያስቀይሩ ጎማው ተከፍቶ ካልተጠረገ፣ አዲሱ ቫልቭ የገባው አሮጌው ቁርጥራጭ መሃል ነው ማለት ነው። በላዩ ላይ የሌላ ፋብሪካ ፈሳሽ ተጨምሮበት ከሆነ የባሰ ነው፤ አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ወዲያው ይረጋሉ። ከቻሉ ብስክሌቱን ወደ ቤት ያስገቡት፤ ካልቻሉ ከጣሪያው ርቆ ጥላ ባለው ግድግዳ በኩል ይሁን።

መለኪያው በአንድ ምት 60 ላይ የሚወጣውስ? መለኪያው የሚያነበው በመንፊያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን ቱቦውና ጎማው እኩል ስለሚሆኑ ልዩነቱ አይታወቅም። ቫልቩ ሲደፈን ግን አየሩ ቱቦው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ የሚያዩት ቁጥር የመንፊያዎ እንጂ የጎማዎ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ቁጥር ተደናግጠው አየር አያስተነፍሱ፤ ባስተነፈሱ ቁጥር ሌላ ጠብታ ይጨምራሉ።

የተደፈነው ቦታ የት እንደሆነ ለመለየት ኮሩን መፍታት ነው። ኮር የምንለው በቫልቩ ጫፍ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባውን፣ አየሩን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ትንሽ የነሐስ ክፍል ነው። ጎኑ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ፊቶች ካሉት ይፈታል፤ ከሌሉት ቫልቩ አንድ ወጥ ነውና ለቲዩብለስ አይመችም፤ ያስቀይሩት። ለመፍታት ትንሽ የኮር መፍቻ አለ፤ ከጠፋ በ5 ሚሊሜትር ቁልፍ ወይም ጨርቅ ጠቅልለው በቀጭን ፒንሳ ይሞክሩ። ቫልቩን ወደ ጎን ያድርጉ፣ አውራ ጣትዎን ጫፉ ላይ ያሳርፉ፣ ፊትዎን ዞር ያድርጉና ቀስ ብለው ይፍቱ። ጎማው ውስጥ አየር ካለ ኮሩ እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል፤ ሳር ውስጥ ከገባ ደግሞ አያገኙትም።

ኮሩ ሲወጣ አየሩ በኃይል «ፉ» ብሎ ከወጣ የተደፈነው ኮሩ ብቻ ነው፤ ቀላሉ ይህ ነው። ጎማው አየር እያለው ምንም ካልወጣ ወይም እያቃሰተ ከወጣ ግን መዘጋቱ ከሥሩ፣ ቧንቧው ከጎማው ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። አምስት ሳምንት ስድስት ሳምንት ብቻ የቆየ ቫልቭ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ኮሩ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን አሮጌ ቁርጥራጭ ሊኖርብዎት ስለሚችል ሁለቱንም ይጠርጥሩ።

ኮሩን ወደ ብርሃን አስጠግተው ይመልከቱት። ከታች ጫፉ ላይ ጥቁር፣ ከምስር ፍሬ ያነሰች ላስቲክ አለች፤ አየሩን የምትዘጋው እሷ ናት። በእሷና በነሐሱ መካከል ግራጫ ወይም ነጭ፣ ሲነኩት የሚለጠጥ ቆዳ ያገኛሉ። እሱን በጥፍርዎ ጫፍ ይያዙና ይሳቡት፤ ጥሩ ቀን ከሆነ እንዳለ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። የቀረውን በመርፌ ጫፍ ያንሱት። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ጥቂት ቢዘፈዝፉት ይለቃል፤ የረጋ ላቴክስ ውኃ ውስጥ እንደማይሟሟ ግን ይወቁ፤ ውኃው የሚያግዘው ከነሐሱ እንዲላቀቅ ብቻ ነው። በመጨረሻ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ይጥረጉት። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ውስጥ አይክተቱት። ቆሻሻውን ያነሣሉ፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያቺን ትንሽ ላስቲክ ያሳብጧታል፤ ካበጠች በኋላ በደንብ አትዘጋም፤ ሌሊት ሌሊት አየር ሲቀንስብዎት እንደገና ፈሳሹን ይወቅሳሉ። በኮሩ መሃል ያለችውን ቀጭን ሽቦ በጣትዎ ጫን ለቀቅ ያድርጉ፤ ሳትንገራገጭ ከተመላለሰች ደኅና ነው። ከተጣመመች ኮሩን ይጣሉት።

ኮር አላቂ ዕቃ ነው። ዋጋው ከሙሉ ቫልቭ ያነሰ ነው፤ ሲያገኙ ሦስት አራት ገዝተው ያስቀምጡ። ሙሉ ቫልቩን ያስቀየሩት ሰው ኮሩን ብቻ ቢቀይርልዎት ኖሮ ያን ያህል ወጪ ባልወጣ ነበር። ሲመልሱት በጣትዎ እስከ መጨረሻው ያጥብቁና በመፍቻው ሩብ ዙር ይጨምሩ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ተጠምዝዞ የሚገጠም የእጅ መንፊያ ሲፈቱ ኮሩ አብሮ ይወጣል።

ሥሩ ተደፍኖ ከሆነ የአሮጌ ብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ቁራጭ ያግኙ፤ ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያላት፣ ጫፏ በሞረድ ደንዝዞ የተለሰለሰ። ሹል ከሆነ ማዶ ያለውን ጎማ ሊበሱት ይችላሉ። ኮሩ ወጥቶ፣ ቫልቩ ወደ ጎን ሆኖ፣ ሽቦዋን ወደ ውስጥ ይላኩና እያሽከረከሩ ይግፉ። አንድ የሚለጠጥ ነገር ሲቋቋምዎትና ድንገት ሲበጠስ በእጅዎ ይሰማዎታል። ይህ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የተገፋው ቁራጭ ጎማው ውስጥ ነውና ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በእርስዎ ሁኔታ የጎማውን አንድ ጎን ከፍተው ማየት ይሻላል።

ሲከፍቱ የደረቀውን ቆዳ በሙሉ ማንሣት አይጠበቅብዎትም፤ በጎማው ግድግዳ ላይ በስሱ የተለጠፈው ይቆይ፤ አየር እንዳይወጣ ያግዛል። የሚወጡት እየተንከባለሉ የሚዞሩት ኳሶችና በቫልቩ አፍ ዙሪያ የተሰበሰቡት ናቸው። በዚያው ቸርኬው ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ይመልከቱ። ስፋቱ ከቸርኬው ውስጣዊ ስፋት በጥቂት ሚሊሜትር በልጦ እስከ ጠርዙ ጥግ መውጣት አለበት። በቫልቩ ዙሪያ ከተነሣ ፈሳሹ ከሥሩ ገብቶ በሽቦዎቹ ቀዳዳ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቫልቩ ምንም ቢጸዳ ጎማው ይተነፍሳል። የቫልቩን ዳዶ በእጅ ብቻ ያጥብቁ። በፒንሳ የጠበቀ ዳዶ ለምን እንደማልወድ ወደ መጨረሻ እነግርዎታለሁ።

አዲስ ፈሳሽ ሲጨምሩ ጠርሙሱን ከሚመስልዎት በላይ ይወዝውዙት፤ ቅንጣቶቹ ከሥር ይቀመጣሉና ያልተወዘወዘ ጠርሙስ የሚሰጥዎት ነጭ ውኃ ነው። ለ29 በ2.25 ጎማ እንደ አዲስ ሲሞሉ 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ሲያድሱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ጎማው ተከፍቶ ካለ በቀጥታ ያፍስሱት፤ ቅንጣታቸው ትልልቅ የሆነ ፈሳሾች በቫልቭ በኩል ማለፍ ስለማይችሉ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጨመሩት። በመኪና ጎማ የሚጨመረውን ክር መሳይ ነገር ያለበትን ወፍራም ፈሳሽ ማንም ቢሰጥዎት ፕሬስታ ውስጥ አያስገቡ።

በቫልቩ በኩል የሚጨምሩ ከሆነ ከፋርማሲ የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙ፤ መርፌ አያስፈልገውም፤ አጭር ቀጭን ቱቦ ብቻ። ኮሩን ያውጡ፣ ፈሳሹን ቀስ ብለው ይግፉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኮሩን መልሶ ያጠብቅና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ቧንቧው ግን ከላይ እስከ ታች በፈሳሽ ተሸፍኗል። ሲሪንጁን ባዶ አድርገው በአየር ይሙሉትና በዚያው ቱቦ ሁለት ሦስት ጊዜ ንጹሕ አየር ይግፉበት። ከዚያ ሶፍት አጥብቀው ያሽከርክሩና ወደ ቧንቧው አስገብተው ያዙሩት፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪወጣ ይድገሙት። ከዚያ በኋላ ነው ኮሩ የሚገባው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነች፤ ስንፍና ሲይዘን የምንዘላትም እሷን ነው።

ጎማውን መልሰው ሲያስነሡ ከፍታው ይፈትንዎታል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በእያንዳንዱ የመንፊያ ምት የሚያስገቡት አየር በዚያው መጠን የሳሳ ስለሆነ አንድ ዓይነት ግፊት ላይ ለመድረስ በባሕር ወለል ካለ ሰው ይልቅ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ምት ያስፈልግዎታል። የቲዩብለስ ጎማ ጠርዝ ቸርኬው ላይ ዘልሎ የሚቀመጠው ደግሞ አየሩ በድንገትና በብዛት ሲገባ ነው። የውጭ ተንቀሳቃሽ ምስል ላይ በተራ መንፊያ ሲነሣ ያዩት ጎማ የእርስዎ ላይ እምቢ ቢል መንፊያዎን አይጣሉት። ጠርዙን በሳሙና ውኃ ይቀቡ፣ ኮሩን አውጥተው ይሞክሩ፤ መንገዱ ይሰፋል።

ካልሆነ ወደዚያው ጎሚስታ ይውሰዱት፤ ኮምፕሬሰሩ ትልቅ ውለታ ይውላል። ሁለት ነገር ግን ይንገሩት። አንደኛ፣ ኮሩ ከወጣ የኮምፕሬሰሩን አፍ ከፕሬስታ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የነሐስ ማገናኛ የሚይዝበት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ የላስቲክ አፍ ያለውን መንፊያ ቫልቩ ላይ ተጭኖ ይዞ በአጭር በአጭሩ መልቀቅ ነው ያለበት። «ቷ፣ ቷ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጠርዙ ተቀምጧል። ኮሩን ሲመልሱ ጎማው ቢተነፍስ አይደንግጡ፤ ጠርዙ ከተቀመጠበት አይነሣም። ሁለተኛ፣ ያ ኮምፕሬሰር ለመኪና ነው የቆመው። የእርስዎ ጎማ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ከእሱ እንዳያልፍ። ጠርዙ ወደ ውስጥ ያልታጠፈ፣ የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ ጥርስ የሌለው ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ጎማው ምንም ቢል ከ5 ባር ወይም 72.5 ፒኤስአይ ማለፍ ፈጽሞ አይቻልም፤ ለሰፊ የተራራ ጎማማ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሰባ ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን ሰው በ2.25 ጎማ ከፊት 20 ወይም 22፣ ከኋላ 23 ወይም 25 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። ከእንጦጦ ጫፍ ተነሥተው እስከ ሞጆ ቢወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ ብቻ መለኪያዎ ወደ 2 ፒኤስአይ የሚጠጋ ቀንሶ ያሳያል፤ ይህ ፍሳሽ አይደለምና ቫልቩን አይወንጅሉት።

የጎሚስታዎን ምክር ግን አልንቀውም። በሳምንት አንድ ቀን አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ፣ ፈሳሽ በየሁለት ወሩ ማደስ ለሚሰለቸው ሰው ከመነዳሪ ይሻላል፤ ይህን በየጊዜው እናገራለሁ፤ ቲዩብለስ ሸጠው የሚያድሩ ሰዎች አይወዱልኝም። እርስዎ ግን በእንጦጦ ደንና በሱሉልታ አጥር ጥግ የሚነዱ ይመስለኛል። ቀጋው፣ አጋሙ፣ የታጠረበት ግራር፣ ኮሸሽላው ሁሉ ለከመነዳሪ ጠላት ነው። በ22 ፒኤስአይ ድንጋይ ላይ ቢወጡ ደግሞ ከመነዳሪው በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ ሁለት ጎን ይበሳል። በሚነዱበት መሬት ቲዩብለሱን እንዲተዉ አልመክርዎትም።

አዳዲስ የቫልቭ ዓይነቶችም መጥተዋል። የጎማ አምራቹ ሽዋልቤ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክሊክ ቫልቭ በፕሬስታው ኮር ቦታ የሚገባ፣ አየር በሰፊው የሚያሳልፍ ነው። በተሻለ የሚሠራው ግን ከራሱ የመንፊያ አፍ ጋር ነው፤ ጫንጮ መንገድ ላይ መንፊያ የሚያውስዎት ሰው ያ አፍ አይኖረውም። በእጅዎ ያለው ፕሬስታ በአግባቡ ከተያዘ ይበቃዎታል።

ስለ ጉዞው። ፈሳሹን ከመንገድዎ በፊት ባለው ምሽት ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመው ያድሱ፤ ሰፈር ውስጥ ጥቂት ነድተው ፈሳሹ ጎማውን በሙሉ እንዲያዳርስ ያድርጉ፤ የሚያፈስ ነገር ካለ እዚያው ይታያል። የቫልቩን ክዳን አይርሱ። በበጋ ከከባድ መኪኖቹ የሚነሣው አቧራ፣ በክረምት ዋልካው ጭቃ ክዳን የሌለውን ቫልቭ ከውጭ በኩል ይደፍነዋል፤ ለዚያ ደግሞ ፈሳሹ ተጠያቂ አይደለም። ሁለት ኮር፣ የኮር መፍቻ፣ የእጅ መንፊያ፣ ትልልቅ ቀዳዳ የሚደፈንበት ሙጫ የጠገበ ክር፣ ወፍራም ጨርቅ ይያዙ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆርቆሮ ብቻ አይተማመኑ፤ ጋዙ በጣም ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚገባ አንዳንዱን ላቴክስ ያረጋዋል፣ ከጎማውም በኩል ከአየር ፈጥኖ ያልቃል። ከተጠቀሙበት ቫልቩን ወደ ጎን አድርገው ይሁን፤ ቤት ሲደርሱ አስወጥተው በአየር ይተኩት፤ ፈሳሹንም ይፈትሹ።

አንድ ከመነዳሪም ይያዙ። ጎማው በድንጋይ ከተሰነጠቀ ፈሳሽም ክርም አያድነውም፤ ያን ጊዜ ቲዩብለሱን ቫልቭ አውጥተው ከመነዳሪውን ያስገባሉ። በፒንሳ የጠበቀውን ዳዶ የምጠላው ለዚህ ነው፤ ሜዳ ላይ በባዶ እጅ አይፈታም፤ ስለዚህ ቤትዎ ሳሉ በጣትዎ መፈታቱን ይሞክሩ። ከመነዳሪውን ከማስገባትዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቁ ይዳብሱት፣ በጣትዎ አይደለም። ለወራት ሳይታወቅዎት የወጉትና ፈሳሹ የደፈናቸው እሾሆች ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አውጥተው ተተክለው ያገኟቸዋል፤ አንዷ ብትቀር ከመነዳሪው አንድ ኪሎ ሜትር አይሄድም። ሲገዙም ቫልቩን አይተው ይግዙ። በየሱቁ በብዛት የሚገኘው እንደ መኪናው ያለ ወፍራም ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ ነው፤ እሱ 8 ሚሊሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ቸርኬ ቀዳዳ ለፕሬስታ የተበሳ ከ6 ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው፤ አይገባም። «በመሰርሰሪያ ላስፋልህ» የሚልዎት ካለ አመስግነው ብስክሌትዎን ይውሰዱ።